አከራዩ ያላደሰው ሰፈር

«ካዛንቺስ'ኮ አርጅቶ ነበር። ምኑ ይጠገናል?» ይህን ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፤ ማኪያቶ ላይ ይባላል፤ ለበዓል ከውጭ የመጣ ዘመድ አዲሱን የእግረኛ መንገድ እያደነቀ ይለዋል። ከሰፈሩ ከተነሡት መካከልም «እውነት ለመናገር አርጅቶ ነበር» የሚል አይጠፋም። የከተማው አስተዳደር በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩን ሲያነሣ የሰጠውም ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤቶቹ ለሰው ልጅ አይመጥኑም፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ መንገዱ አምቡላንስና እሳት አደጋ አያስገባም። ነገሩ እንዲህ ሲቀርብ ማን ይከራከራል?

እኔ ልከራከር። መነሻዬም ቀላል ነው፤ ቤት ዕድሜ ስለጠገበ ብቻ አይወድቅም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር፣ አሸንዳው ሲበሳ፣ ቱቦው ሲደፈን ዝም የተባለ ቤት ነው የሚወድቀው። ዝም ያለው ማነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ የግድ ነው። ካዛንቺስን በተመለከተ መልሱ የተሰወረ አይደለም፣ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ የወጣ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሙሉ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ለተባለ ድርጅት። የድሃው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። በዚያ ዘመን ይህ ለብዙ ቤተሰብ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ በባለቤት ፊት እየተርበደበደ ይኖር የነበረ ተከራይ በአንድ ቀን ቀና አለ። ይህን መካድ አልፈልግም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪራዩ በተቀነሰበት ልክ ቆሞ ቀረ። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ኪራይ ግን ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ በታች እንደሆነ ኖረ። ከዚህ ኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ቱቦ ያስጠርጋል፣ ሽንት ቤት ያስመጥጣል ብሎ የሚያምን ባለሥልጣን በአምስት አሥርት ዓመታት ውስጥ አንድም የነበረ አይመስለኝም። ኪራዩን የሚጨምር ግን አልነበረም፤ ከሌላ በጀት የሚያሟላም አልነበረም።

ያቺ የ100 ብር መስመር የአንድን ቤት ዕጣ ለሃምሳ ዓመት ወሰነች። ከመስመሩ በላይ የነበረው ቤት ፍጹም ባይሆንም የጥገና ክፍል ያለው፣ መሐንዲስ የሚልክ አከራይ አገኘ። ከመስመሩ በታች የነበረው ደግሞ ኪራይ የሚሰበስብ ጸሐፊ ብቻ ያለው አከራይ ደረሰው። ካዛንቺስ ውስጥ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብለው በድንጋይ የተሠሩ ቪላዎች ነበሩ፣ ከእነሱ ጀርባም ከዚያ ወዲህ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ቤቶች ተደግፈው ነበር። ሁለቱም በአንድ ዝናብ ይረጥቡ ነበር። ማን ጠባቂ እንዳለውና እንደሌለው ግን ከመንገድ ላይ ሆነው ሲያዩት ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ጭቃ ቤቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም የተቃዋሚዬ ዋና መሣሪያ እሱ ነው። «ጭቃ ቤት አይጠገንም፤ ይፈርሳል እንጂ» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ገጠር ያለውን የአያቱን ቤት ረስቶት ካልሆነ በስተቀር እንዴት እንደሚለው ይገርመኛል። ጭቃ ቤት ከማንኛውም ቤት ይልቅ ጥገና የሚቀበል ቤት ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይመረጋል፤ የበሰበሰ ቋሚ ወጥቶ ሌላ ይገባል፤ ማገሩ ይጠበቃል። ጠላቱ ውሃ ነው፣ ውሃውም የሚገባው በሁለት በር ነው፣ ከላይ በተበሳ ቆርቆሮ፣ ከታች በግድግዳው እግር። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ብዙውን ጊዜ መበስበስ የሚጀምረው ከታች ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ አሸንዳ ስለሌለው ደጅ ላይ ያርፋል፣ የሰፈሩ የፍሳሽ ቦይ ስለተደፈነ ውሃው የሚሄድበት አያገኝም፣ ግድግዳውን እየረጨ ይገባል። የድንጋይ መሠረት ከፍ አድርጎ ማልበስ፣ አሸንዳ መስቀል፣ ቦዩን መክፈት፤ ሥራው ይኸው ነው። ይህንን የትኛውም የሰፈር ግንበኛ ያውቀዋል።

ታዲያ ነዋሪው ራሱ ለምን አላደሰውም? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በንቀት ይጠየቃል፤ «ልቅ ያደጉ ናቸው፣ የራሳቸውን ደጅ እንኳ አያጸዱም» የሚል ቃና አለው። እስቲ የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን ለመጠገን ምን ማለፍ እንዳለበት እናስታውስ። ማመልከቻ ይጽፋል። ወረዳው ውስጥ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ክፍል ያየዋል፤ ባለሙያ ይመጣል ይባላል፣ ይቀራል፣ እንደገና ይባላል። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ የሚፈቀደው በነበረበት ቅርፅና ይዘት ማደስ ነው፤ ጭቃውን በብሎኬት ልቀይር ያለ፣ ለልጁ አንዲት ክፍል ልጨምር ያለ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ ይፈርስበታል። ደግሞም ቤቱ የእሱ አይደለም። ዛሬ አሥር ሺህ ብር ያፈሰሰበት ግድግዳ ነገ ሲፈርስ የሚከፍለው የለም። ይህን ሁሉ አልፎ ቤቱን ያደሰ ሰው ካለ ልናደንቀው ይገባል እንጂ ያላደሰውን መንቀፍ አይቻለንም። ሽንት ቤቱን በመዋጮ ያስመጠጡት፣ መብራት ለመተላለፊያው ያስገቡት፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ድርሻቸውን የከፈሉት ዕድርተኞች ናቸው። አከራዩ ያልሠራውን ተከራዩ በአቅሙ ሠርቷል።

በዚህ ላይ አንድ ሰፈር «መልሶ ማልማት» ክልል ውስጥ ገባ ከተባለ ጥገና የሚባል ነገር ያከትማል። ፈቃድ ሰጪው «ነገ ለሚፈርስ ቤት?» ይላል፤ ነዋሪውም ለራሱ ያንኑ ይላል። የካዛንቺስ «ነገ» ደግሞ ረጅም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሰፈሩ አንድ ክፍል በመልሶ ማልማት ተነሥቶ በቦታው ትልልቅ ሆቴሎችና ሕንፃዎች በቀሉ። የቀረው ነዋሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነው የኖረው ማለት ይቻላል። በያንዳንዱ ክረምት «ዘንድሮ ነው» ይባል ነበር። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ማን ጣሪያ ይቀይራል? የማፍረስ ዕቅዱ ራሱ ሰፈሩን አስረጀው፤ ኋላም ማርጀቱ ለማፍረሱ ምክንያት ሆኖ ቀረበ።

«ማደስ ከመሥራት ይበልጥ ያስወጣል» የሚለውን ክርክር ግን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ራሱ ካዛንቺስ ባለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሆነው ነው። የአፍሪካ አዳራሽ ከካዛንቺስ ቀበሌ ቤቶች በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1953 የተመረቀው፣ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ያ ሕንፃ ስልሳ ዓመት ሲሞላው አርጅቶ ነበር። ዘመኑ የሚጠይቀውን የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ አያሟላም ነበር፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም እንክብካቤ ይፈልግ ነበር። «ፈርሶ ይሠራ» ያለ ሰው ግን የለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፣ ዓመታት ወሰደ፣ አዳራሹ ታደሰ። በጥቅምት 2017 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ መርቀው ከፈቱት። በዚያው ወር ጥቂት ወጣ ብሎ ካዛንቺስ ውስጥ ኤክስካቫተር እየሠራ ነበር። በታኅሣሥም የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ ተመረቀ። የመዘዲሚ ሌላው ሥራ የሆነው የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ታድሷል፤ ደግ አደረጉ። ከዚያ በፊትም የምኒልክ ግቢ ታድሶ በ2012 መስከረም የአንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። አንዱም ዕድሳት አላስቆጨኝም፤ ሁሉም የሚያስመሰግን ነው። ግን ከእነዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ማደስ የምንችል ሰዎች ነን። ባለሙያው አለን፣ ትዕግሥቱ አለን፣ ስንፈልግ ገንዘቡም ይገኛል። የቀበሌ ቤት ላይ ሲደርስ ነው ዕድሳት «የማይቻል» የሚሆነው።

ቤተ መንግሥትና ጭቃ ቤት አንድ ናቸው ወይ ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። አንድ አይደሉም፤ ጭቃ ቤቱ እጅግ ርካሽ ነው። በዓለም ላይም ተሞክሯል። ኢንዶኔዥያ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጃካርታን ካምፖንግ የሚባሉ ድሃ ሰፈሮች ነዋሪውን ሳታነሣ መንገዱን፣ ቦዩንና የውሃ ቧንቧውን እያስተካከለች አሻሽላለች፤ ሥራው የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ቤቱን በቀጥታ አልነካችውም። ውሃው የሚሄድበት ሲያገኝና ነዋሪው እንደማይነሣ ሲያምን ቤቱን ራሱ አደሰው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ አዲስ አበባ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ከደርግ እስር ቤት ወጥተው የመሩት የከተማ ልማት ፕሮጀክት በከተማዋ ደሃ ቀበሌዎች ውስጥ ቤት ሲያድስ፣ ሽንት ቤት ሲቆፍር፣ መተላለፊያ ሲያነጥፍ ዓመታት ቆይቷል፤ ነዋሪው በያለበት ሆኖ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ቃል የሚገልጸው የሰፈሩን ሁኔታ አይደለም፣ የወሳኙን ፍላጎት ነው።

መንግሥትም ቢሆን ሰውን በሰፈሩ ማቆየት እንደሚቻል የተናገረበት ጊዜ አለ፤ ያውም እዚሁ ቂርቆስ። በኅዳር 2011 የለገሃር ፕሮጀክት በ36 ሄክታር ላይ ይፋ ሲደረግ 1,600 ገደማ የሚሆኑ አባወራዎች እዚያው ለገሃር በሚሠራ አዲስ ቤት ይሰፍራሉ ተብሎ ነበር። ይህ ቃል በወቅቱ በየአቅጣጫው ተሞግሷል። ከስድስት ዓመት በኋላ የካዛንቺስ ልማት ተነሺ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ገላን ጉራ ወረደ። ለገሃር ላይ መርህ የነበረው ካዛንቺስ ላይ ለምን እንደቀረ የጠየቀ ምክር ቤት አላየሁም።

ስለ ገላን ጉራ አንድ ነገር ልመን፤ ውስጡ ሽንት ቤት ያለው፣ ውሃ የሚወጣበት፣ በር የሚቆለፍ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ደስ ያላት እናት አለች፤ ደስታዋን የመንጠቅ መብት የለኝም። ነገር ግን ያቺው እናት ካዛንቺስ ደጇ ላይ እንጀራ ትሸጥ ከነበረ፣ ልጇ መናኸሪያው አካባቢ ይሠራ ከነበረ፣ የታክሲው ሒሳብ በየቀኑ ከአዲሱ ቤት ጥቅም ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ፈንዲቃን የመሰለ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ዓለም ያወቀው ቤትም ካዛንቺስን ለቅቆ ሆቴል ገብቷል። ሆቴል ውስጥ መጫወት ይቻላል፤ ሰፈርን ወደ ሆቴል መውሰድ ግን አይቻልም።

ይህን ሁሉ የወሰነው ማነው? እዚህ ላይ ክርክሩ ከግድግዳ ይወጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2011 የወጣው የማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው አንድ ዓመት በፊት ውይይት እንዲደረግ ያዝዝ ነበር፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ የተተወች ቀዳዳም ነበረችበት። ካዛንቺስ ላይ ግን በቀናት ውስጥ ልቀቁ እንደተባሉ ነዋሪዎች ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። «አስቸኳይ» ማለት ጎርፍ ሲመጣ ነው። ሃያ ዓመት «ይፈርሳል» ሲባል የኖረ ሰፈር በምን ሒሳብ አስቸኳይ ሆነ?

ውይይቱን መምራት፣ ጥያቄውን ወደ ላይ ማድረስ የነበረበት የወረዳ ምክር ቤት ነው። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ ኢሕአዴግ ጠቅልሎ ያሸነፈበት። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 አለቀ፤ ምርጫው ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። በሰኔ 2013 የከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፤ ወረዳዎቹ ግን አልተመረጡም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ለሰፈሩ ቅርብ የነበረው ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ ካለቀ ስድስት ዓመት ያለፈው ነበር። በ2005 ድምፅ ለመስጠት ያልደረሰ ልጅ በ2017 ልጅ አዝሎ ከሰፈሩ ተነሣ፤ ስለ ደጁ የሚወስን ተመራጭ አንድ ጊዜም ሳይመርጥ። «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማማ» የሚል ሪፖርት ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ወክሎት?» ብዬ ነው።

አሁን ስለ አዲሱ ካዛንቺስ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ያለፈው አለፈ፣ አሁን እኮ አማረ» ይለኛል። አምሯል፤ እኔም እሄድበታለሁ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ማታ የማይጠፋ መብራት፣ ሁሉም ዓመት ሳይሞላ። ፍጥነቱን ማድነቅ ተገቢ ነው። ካዛንቺስ የተካተተበት የከተማው የሁለተኛ ዙር ኮሪደር ልማት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ንጣፍ፣ ይህ ሁሉ ፏፏቴና ዛፍ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ጠባቂ ይፈልጋል። ለዚህ የተመደበው ስንት ነው? በምክር ቤት የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ይከታተለዋል? ወረዳው አንድ የተሰበረ ንጣፍ ለመቀየር ሥልጣን አለው ወይስ ለዚያም ከላይ ይጠብቃል?

ጥርጣሬዬ ከባዶ የመጣ አይደለም። በመስከረም 2008 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ፣ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 41 ባቡሮች። በዚያን ጊዜም «ከተማችን ተለወጠች» ብለን ነበር፤ ልክም ነበርን። ከስታዲየም ወደ መሿለኪያና ሪቼ የሚወርደው መስመር ቂርቆስን ሰንጥቆ ያልፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ጨመረ እንጂ የባቡሩ ቁጥር አልጨመረም። ኮንዶሚኒየሞቹም እንደዚሁ ናቸው፤ በር ላይ ቁልፍ ሲረከቡ ያለቀሱ ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ለፈነዳ ፍሳሽና ለሚያፈስ ጣሪያ ማን ይክፈል እያሉ ደረጃ ላይ ይጣላሉ። አንዳቸውም ሲሠሩ የተበላሹ አልነበሩም። ለመሥራት በጀት ያዝን፣ ለማኖር አልያዝንም፤ ከቀበሌ ቤቶቹ ጋር ያደረግነውን በአርማታና በሐዲድ ደገምነው።

ገንዘብ የለም የሚለውን አልቀበልም። የከተማው ምክር ቤት ለ2017 ያጸደቀው በጀት 230 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ገደማ። ስለ ጥገና የሚያስብ ሕግም በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1989 አዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድን አቋቋመ፤ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ለመንገድ ጥገና የምትሄድ ሳንቲም እንድትቆረጥ፣ ገንዘቡም ለአገር አቀፍ መንገዶች፣ ለክልሎችና ለከተሞች እንዲከፋፈል ደነገገ። አዲስ አስፋልት ልሥራበት ቢሉ ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ብቻ ነበር። ያን ሕግ ያወጡ ሰዎች ባለሥልጣን ሪባን መቁረጥ እንጂ ጉድጓድ መድፈን እንደማይወድ ስለገባቸው ገንዘቡን አስቀድመው ከእጁ አወጡት። ለቤትም፣ ለፍሳሽ ቦይም፣ ለኮሪደሩም ንጣፍ ተመሳሳይ ፈንድ ማቋቋም ለከተማው ምክር ቤት ከአቅም በላይ አይደለም። አሁንም ቆመው ያሉ የቀበሌ ቤቶች አሉ። ኪራያቸው በነዋሪው አቅም ልክ ይስተካከል፣ የሚሰበሰበው ከዚያው ወረዳ አይውጣ፣ ፈንዱ ቀሪውን ይሙላ፤ ቤት ለማደስ የሚጠየቀው ፈቃድም «ነገ ይፈርሳል» በሚል ቃል አይከልከል። የወረዳ ምርጫ ሲመጣም፣ ይመጣል ብዬ ነው፣ ድምፅ ሊለምን ለሚመጣ እጩ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፦ በሰኔ የትኛውን ቦይ በስንት ብር ታስጠርጋለህ?